የተመዘገበውን ለሚያስተናግደው ማን ይንገረው?

በአዳማ ከተማ ስብሰባ የማይደረግበት ሳምንት አለ ብሎ የሚከራከር ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን ስላሳጠረው፣ መሥሪያ ቤቶች ሥልጠናቸውንና ዐውደ ጥናታቸውን ይዘው መውረድን ልማድ አድርገውታል። ከሞጆ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ ለሚመጣውም ተሰብሳቢ ትመቻለች።

ጥሪው እንዴት ይደረጋል ቢሉ፣ አዘጋጁ ወጣት ሹም በጉግል ቅጽ አዘጋጅቶ ሊንኩን በቴሌግራም ይልካል፤ ተጋባዡም ስሙንና ስልኩን ሞልቶ ይመልሳል። እስከዚህ ድረስ ሥራው የሠለጠነ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መዝገቡ በአንድ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጥና፣ ክፍል የሚይዘው፣ መኪና የሚያሰናዳውና ገንዘብ ያዡ በሌላ የቴሌግራም ግሩፕ «ስንት ሰው ሆነ?» እያሉ ሲጠያየቁ ይውላሉ። ወጣቱም ቆጥሮ፣ ፎቶ አንሥቶ ይልክላቸዋል። እሱ እስኪልክ ሦስት ሰው ተጨምሯል። ከነዚያ ከሦስቱ አንዱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሆቴል ደጃፍ ደርሶ «ስምዎ የለም» ይባላል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ቴሌግራም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦት የሚባለውን አውቶማቲክ መልእክተኛ ማንም ሰው በነጻ እንዲያበጅ ፈቅዷል። በቅጹ የተሞላው መልስ የሚወርድበት ሰንጠረዥ ላይ አጭር ፕሮግራም ቢታከልበት፣ አዲስ ስም በገባ ቁጥር ቦቱ ወዲያው ለግሩፑ ይናገራል። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም የሚማር ተማሪ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ይመስለኛል።

አስቸጋሪው ሌላ ነው። ጫላ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ «ሲ» በምትባለው ፊደል ብቻ ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ግን «ኤች» ትጨመርበታለች፤ በቁቤ የሚደረቡት አናባቢዎችም ይቀራሉ። አንዱ ጫላ ሁለት ጊዜ ቢመዘገብ ለመሣሪያው ሁለት ሰው ነው፤ ሁለት አልጋም ይያዝለታል። ስለዚህ ሰው የሚለየው በስሙ ሳይሆን በስልክ ቁጥሩ ይሁን። ይሁንና ቁጥሩ በሰንጠረዡ ይቅር እንጂ ግሩፑ ላይ አይበተን። ሾፌሩ ማወቅ የሚገባው ስንት ሰው ከየት እንደሚነሣ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም ወጣት ሹማምንት ልብ ቢሉ መልካም ነው። የቦቱ ቁልፍ ደግሞ እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው፤ የያዘው ሁሉ በቦቱ ስም መናገር ይችላል። ሹሙ ሲዛወር በርክክብ ይተው እንጂ በኪሱ ይዞት አይሂድ።

ለሁሉ የተነገረ ነገር የማንም ሥራ አለመሆኑም ይታወቃል። ሃያ ሰው መልእክቱን አይቶ አውራ ጣቱን ሲያሳይ ክፍሉን ግን ማንም ላይዝ ይችላል። ቦቱ ከስሙ ጋር ኃላፊውንም ጠርቶ ይናገር።

አንዳንዱ ሰው ይህን አሠራር የሚሸሸው ኮምፒዩተር ስለማያውቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቦቱ ምዝገባው የገባበትን ሰዓት ጭምር ለሁሉም ይናገራል። ስብሰባው ካለቀ በኋላ በውሎ አበል ዝርዝር ላይ የሚጨመር ስም ካለ፣ ግሩፑ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ «በወረቀት ይሻለናል» የሚል አለቃ ሲያጋጥም፣ ወረቀቱ የሚሻለው ለማን እንደሆነ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም።

በእርግጥ ከመቂ የሚመጣው የኅብረት ሥራ ማኅበር ተወካይ ቅጽ የሚሞላበት ስልክ ላይኖረው ይችላል። እሱን ደውሎ የሚጋብዘው ጸሐፊ፣ ስልኩን ሳይዘጋ እዚያው ቅጹ ላይ ይሙላለት። በብጣሽ ወረቀት የተያዘ ስም ቦቱ ዘንድ አይደርስም፤ ክፍልም አይያዝለትም።