«ታዝዤ ነው»

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ከልደታ ፍርድ ቤት ብዙም በማይርቅ ሻይ ቤት ተቀምጬ የሰማሁት ክርክር እስካሁን ይከነክነኛል። ወሬው ስለ ቀይ ሽብር ነበር። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ያኔ ሁሉም ታዞ ነው፤ ምን ያድርግ?» አሉ። ጎረምሳው ሳያስጨርሳቸው፣ «ጋሼ፣ የገደለ ገድሏል! ታዝዤ ነው ብሎ ነገር የለም» አለ። እኔ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ።

ከጎረምሳው ልጀምር። እምቢታ የሚያስከፍለውን ሳይቀምሱ ጀግና መሆን ቀላል ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ባለሥልጣናቱን ያለ ፍርድ ሲረሽን፣ ሊቀመንበሩ የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን አንዶምም ቤታቸው ተከቦ በዚያው ዕለት ሞቱ። ሊቀመንበሩን የበላ ሥርዓት ለቀበሌ ዘበኛ ይራራ ነበር? ሕጋችንም ይህን አይዘነጋም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 71፣ ፈጽሞ ሊቋቋመው በማይችል አካላዊ ኃይል የተገደደ ሰው አይቀጣም፤ የሚጠየቀው አስገዳጁ ነው ይላል። ግዳጁ የኅሊና ከሆነ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀል፣ ጨርሶም ሊተወው ይችላል። መቋቋም እየቻለ የፈጸመ ግን፣ በአንቀጽ 72 መሠረት ይቀጣል፤ ዕድሜው፣ አቅሙና ጥገኝነቱ ታይቶ ይቀልለት ይሆናል እንጂ።

ጋሼስ? የእሳቸው ጥፋት «ሁሉም» ያሏት ቃል ናት። ሁሉም ከተገደደ አስገዳጁ ማን ነበር? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ ተደራጊ ግሥ ሲያበዙብኝ እቆጣ ነበር፤ አድራጊውን ይደብቃላ! ደርግ ይህን ሰዋስው ከእኔ በላይ ያውቀው ነበር። «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ይላችኋል። ማን ወሰደው? ዝም። «ታዝዤ ነው»ም የዚህች እህት ናት። እሺ፣ ታዘዝክ። በማን? ጠመንጃው አንተ ላይ ተደግኖ ነበር፣ ወይስ ሹመት እንዳያመልጥህ ፈራህ? ማታ ገድለህ በማግስቱ በጭብጨባ ስትመረጥስ ማን አስገደደህ? አንቀጽ 74 ትዕዛዙ ወንጀል መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ይጠየቃል ሲል፣ ግድያን በስም ጠርቶ ነው።

ጥያቄው ለፈረንጆቹም ቀላል አልሆነም። ድራዘን ኤርዴሞቪች የተባለ ወታደር በ1995 እ.ኤ.አ. በስሬብሬኒካ ጭፍጨፋ ሰዎችን ረሸነ። እምቢ ስል «ካዘንክላቸው አብረሃቸው ቁም» አሉኝ የሚል ቃል ሰጠ። በ1997 የሄጉ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ ችሎት 3 ለ2 ተከፋፍሎ፣ ንጹሐንን መግደል በመገደድ ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣም፣ ቅጣት ግን ያቀላል አለ። በመጨረሻ 5 ዓመት ተፈረደበት። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ማንም ሳይዘው ታሪኩን ለጋዜጠኞች ተናግሯል፤ በአለቆቹም ላይ መስክሯል።

የእኛዎቹ የጎደላቸው ይህ ነው። ሕጉ «ተገድጃለሁ» የሚለውን «አስገዳጅህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ስሙን ይናገር። ቀኑን፣ ቦታውን፣ አስከሬኑ የተጣለበትን ይናገር። ልጇ የት እንደተቀበረ ሳታውቅ ያረጀች እናት ከማንኛችንም በፊት ይህን መስማት ይገባታል። ይህን ያደረገ ሰው ቢቀልለት እኔ አልቃወምም። «ታዝዤ ነው» ብሎ አፉን የሚዘጋው ግን፣ ያዘዘውን ዛሬም እያገለገለ ነው።

በ«ተገደደ» እና በ«ተገደለ» መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ናት። የተገደደው ግን ለመናገር ተርፏል።