ከድልድይ ሥር ያለው መሬት የማን ነው?

ከአዲስ አበባ ስታዲየም ተነሥቶ በለገሃርና በሜክሲኮ በኩል ወደ ልደታ በእግሩ የሚጓዝ ሰው፥ በትልልቅ የኮንክሪት ዐምዶች ላይ የተዘረጋውን የቀላል ባቡር ሐዲድ ከራሱ በላይ ያያል። ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከላይ ስለሚያልፈው ብዙ ተነግሯል፤ በዐምዶቹ መካከል ስለ ቀረው መሬት የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ስለዚሁ መሬትና በከተማው በልዩ ልዩ ስፍራ ስለሚገኙት የመንገድ ድልድዮች ሥር ዛሬ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ፤ ነገሩ የውበት ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነውና።

መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ ዋና አሳቡ ከላይ ለሚያልፈው ነው። ሥሩ የቀረው መሬት መንገድ አይደለም፤ ገበያ አይደለም፤ የማንም ግቢ አይደለም። እንዲህ ያለው ስፍራ ደግሞ ባዶውን አይቀመጥም። አንዱ በሌሊት ጥራጊውን ይደፋበታል፤ ሌላው ቸኩሎ ይሸናበታል፤ ሦስተኛው ያንን አይቶ የባሰውን ያደርጋል። ዝንብ በሞቃት ወራት ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ስለዚህ ሳምንት አልፎት የሚከርም የቆሻሻ ክምር አዲስ የዝንብ ትውልድ ያወጣል ማለት ነው። ያችም ዝንብ ከዐይነ ምድር ላይ ተነሥታ በአጠገቡ በሚሸጠው ምግብ ላይ ብታርፍ፥ የተቅማጥንና የአንጀት ተስቦን ተዋሕስያን ይዛ ትሄዳለች።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጥር ማጠርና «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ነው። እኔ ግን መልሱ በቂ ነው ብዬ አላምንም። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። አጥር የሚከበረው በብረቱ ጥንካሬ ሳይሆን ባለቤት እንዳለው ሲታወቅ ነው። ባለቤት የሌለው አጥር ቆሻሻውን ከዐይን ይሰውረዋል እንጂ አያስወግደውም፤ እንዲያውም ለሚጠርገው ሰው መግቢያ ያሳጣዋል።

በሌላ አገር የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ በሳንዲያጎ ከተማ፥ ባሪዮ ሎጋን በተባለው የሜክሲኮ ተወላጆች ሰፈር መካከል አውራ ጎዳና አለፈ፤ በእኛ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. ደግሞ የኮሮናዶ ድልድይ ተከፈተ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ከቤቱ ተነሣ። በሚያዝያ 1962 ዓ.ም. ከድልድዩ ሥር የፖሊስ ጣቢያ ሊሠራ ሲጀመር ነዋሪዎቹ ወጥተው ሥራውን አስቆሙ፤ መናፈሻም እንዲሆንላቸው ጠየቁ። ዛሬ ስፍራው ቺካኖ ፓርክ ይባላል፤ ዐምዶቹም በሥዕል ያጌጡ ናቸው። በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ ደግሞ የማቱንጋ ሰፈር ሰዎች ከድልድያቸው ሥር የመኪና ማቆሚያና የጥራጊ መጣያ እንዳይሆን ዘበኛ ቀጥረው አስጠበቁ፤ ለከተማውም አስተዳደር ደጋግመው አመለከቱ፤ በ2008 ዓ.ም. የእግር መንገድና መቀመጫ ያለው የአትክልት ቦታ ሆነላቸው። በሁለቱም ዘንድ ከገንዘቡ አስቀድሞ የተገኘው «ይህ የእኛ ነው» የሚል ሰው ነው።

በከተማችንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ የመንገድ ዳር ተስተካክሏል። ይሁን እንጂ እንደ ጤና ሠራተኛነቴ ስለ ቅደም ተከተሉ የምለው አለኝ፤ ከአበባው በፊት መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይቅደም። ሰው የሚሄድበት ሳያገኝ «አትሽና» ብሎ መቅጣት ቅን ፍርድ አይደለም። መጸዳጃ ቤቱንም የሰፈሩ ወጣቶች በማኅበር ሆነው፥ መጠነኛ ዋጋ እየተቀበሉ ይጠብቁት፤ ጠባቂ ከተገኘ በኋላ መብራቱና መቀመጫው፥ የሊስትሮውና የመጽሐፍ ሻጩም ስፍራ ይከተላል። ከዚያ የሚያድሩትንም ድኾች ከጥራጊው ጋር ጠርጎ ማውጣት ንጽሕና አይባልም፤ መጠጊያ ሳይዘጋጅላቸው ቢባረሩ ችግሩ ወደሚቀጥለው ድልድይ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

አንድ ነገር ግን አልሸሽግም። መኪና የሚበዛበት መንገድ ጢስና ጩኸት ሕፃናትን ስለሚጎዳ፥ በእንዲህ ያለ ድልድይ ሥር የሕፃናት መጫወቻ እንዲሠራ አልመክርም፤ ለአላፊ አግዳሚ ማረፊያ ቢሆን ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ ባቡር በበኩሉ ጢስ የለውም፤ በሐዲዱ ግራና ቀኝ መኪና የማይበዛበት ክፍል ቢገኝ ለልጆች ሊታሰብ ይችላል። ተክልም ቢሆን፥ ከድልድይ ሥር ዝናብ በደንብ ስለማይደርሰው፥ የሚያጠጣው እጅ ከሌለ ይደርቃል።

የተከበራችሁ መምህራን፥ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ በሰፈራችሁ ወደሚገኘው ድልድይ አንድ ቀን ሂዱ። ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁ፤ ቅርብ የሚባለው መጸዳጃ ቤት ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ይቍጠሩ፤ ያገኙትንም ጽፈው ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ። መሬቱ የማን ነው ተብለው ሲጠየቁ «የእኛ ነው» የሚሉ ልጆች ከተገኙ፥ አጥር ኖረም አልኖረም ያ ስፍራ ይጸዳል።