ስለሚመሳሰሉ የእንግሊዝኛ ቃላት

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛው ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎቻችን የቃላት ደብተር አለን። በግራ በኩል እንግሊዝኛው፥ በቀኝ በኩል አንድ የአማርኛ ቃል ይጻፋል። ትጋቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ይህ አጻጻፍ የሚያስተምረንን ያህል የሚሰውርብን ነገር እንዳለ ለአንባብያን ላሳስብ እወዳለሁ።

በ«ኬን» አንጻር «ቻለ» ተብሎ ይጻፋል፤ ወረድ ብሎ በ«ሜይ» አንጻርም ያው «ቻለ» ይጻፋል። ደብተሩን ያየ ሁሉ ሁለቱ አንድ ናቸው ይላል። እስቲ አማርኛውን ራሱን እንመርምረው። «ይህ ልጅ ድንጋዩን ሊያነሣ ይችላል» ስንል ጉልበቱን መናገራችን ነው። «ፈተናውን የጨረሰ ሊወጣ ይችላል» ሲባል ፈቃድ ነው። «ወደ ማታ ሊዘንብ ይችላል» ያለ ሰው ግን መጠርጠሩ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ለጉልበቱ «ኬን»ን፥ ለፈቃዱና ለጥርጣሬው «ሜይ»ን ይመድባል። እርግጥ ባለቋንቋዎቹ ራሳቸው በዘወትር ንግግራቸው ፈቃድንም በ«ኬን» ይጠይቃሉ፤ በደንብና በውል ጽሑፍ ላይ ግን «ሜይ» ፈቃድ፥ «ሻል» ግዴታ ነው።

«ቦሮው» እና «ሌንድ» ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስቸግሩናል። «እስክሪብቶህን ቦሮው ሚ» የማይል ክፍል ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። በአማርኛ «ተዋሰ» እና «አዋሰ» ከአንድ ሥር ወጥተው በፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ለሰጪውና ለተቀባዩ ፈጽሞ የማይዛመዱ ቃላት አሉት። በሌላ በኩል የእኛ ቋንቋ እንግሊዝኛ የማይለየውን ይለያል። ወንፊትና መጥረቢያ ይዋሱታል፥ ያው ዕቃ ራሱ ይመለሳልና፤ ጨው፥ እህልና ገንዘብ ግን ይበደሩታል፥ የሚመለሰው ምትኩ ነውና። እንግሊዛዊው ለሁሉም «ቦሮው» ይላል። እንግዲህ ማን ነው ቋንቋችን ለረቂቅ ነገር አይበቃም የሚለው?

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ቢኖር፥ እዚሁ አንጎለላ የተወለዱትን፥ ሸዋንም ከአንኮበር ሆነው የገዙትን የዐፄ ምኒልክን ታሪክ ያስታውስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል አማርኛው። ኢጣልያንኛው ግን «ተስማምተዋል» የሚያሰኝ ቃል ይዞ ነበር፤ የሮማ መንግሥትም እንደ ግዴታ ቈጥሮ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብሎ አስታወቀ። በ1882 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለምኒልክ ደብዳቤ ሲመልሱ፥ ጉዳዩ በኢጣልያ በኩል ይምጣ አሉ። የልዩነቱ ነገር በዚህ ጊዜ ግልጥ ሆነ። እኔ በበኩሌ የአስተርጓሚ ስሕተት ብቻ ነበር ብዬ አላምንም፤ ሆኖም ተንኰል የገባው በዚያች ቃል በር ነው። ክርክሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በደም ተቈረጠ፤ ውሉም በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የሰላም ውል ተሰረዘ።

ስለዚህ የእንግሊዝኛ መምህሮቻችን በፈተና «ትርጉሙን ጻፉ» ከማለት ይልቅ «ሁለቱን ቃላት በሁለት ዐረፍተ ነገር ለዩ» ቢሉን እመርጣለሁ። እኛም በደብተራችን ከቃሉ አጠገብ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንጻፍ፤ ገጹ ቶሎ ቢያልቅ ይለቅ። ወላጆቻችንም እንግሊዝኛ አናውቅም ብለው ከዚህ ነገር አይራቁ። ወንፊት የሚዋሱት፥ ጨው ግን የሚበደሩት ስለ ምን እንደሆነ ከእነርሱ አብልጦ ሊነግረን የሚችል የለም።