ቁጣው አድራሻውን ስቷል

እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የታይታኒክን ስብርባሪ ሊያዩ ታይታን በተባለች አነስተኛ ሰርጓጅ መርከብ የወረዱት አምስት ሰዎች ሲጠፉ፣ ብዙዎች ዜናውን በፌዝ ተቀበሉት። ከፌዙ ጀርባ ያለው ቁጣ ምክንያት አላጣም፤ አንዱ መቀመጫ 250 ሺህ ዶላር ነበር። ከቀናት በፊትም እስከ 750 ስደተኞች ጭናለች የተባለችው ጀልባ አድሪያና፣ የግሪክ ጠረፍ ጠባቂዎች ለሰዓታት እያወቋት ሰጥማ፣ የተረፉት 104 ብቻ ናቸው። ታይታንን ፍለጋ ግን መርከብና አውሮፕላን ጎረፈ። ይህን አድልዎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ተጠያቂዎቹ ግን መንግሥታት እንጂ በታይታን የሞቱት አምስቱ ሰዎች አይደሉም።

«አደጋውን አውቀው ፈርመዋል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዘርፉ ባለሙያዎች በታይታን ባለቤት ኩባንያ አሠራር ላይ ያነሡትን ስጋት ከአምስቱ አንዱ የነበረው የ19 ዓመት ተሳፋሪ ምን ያህል ያውቅ ነበር? ደግሞስ የባሕር ሕግ በአደጋ ላይ ያለን ሰው ታደጉ ሲል ኪሱን አይፈትሽም። ለአድሪያና ተሳፋሪዎች የምንሟገተውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ለሀብታም ሲሆን ከሸራረፍነው፣ ነገ በስደተኛው ላይ ለሚሸራርፉት ምን ብለን እንመልሳለን?