መርጃን ድንጋይ ነውን?

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ባሕር ነገር ለመናገር ስናስብ በቢዮ አዋሌ የሚኖር ሰው «ባሕር ከእኔ ጋራ ምን አለው?» እንደሚለን እናውቃለን። ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ ገጠር ያለ ስፍራ ነው፤ ቢዮ ማለትም በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው። ዳሩ ግን በድሬዳዋ ዙሪያ በብዙ ስፍራ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ የዛጎል መልክ ያለበትን ድንጋይ አንሥቶ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፤ አባቱ ባሕርን ሳይጠራ ሊመልስለት አይችልም።

ለመመለስም ቃሉን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው መርጃንንም ዛጎል ይለዋል፤ ይህ ግን ያሳስታል። ዛጎል የአንድ እንስሳ ቤት ነው፤ መርጃን ግን የብዙ እንስሳት ማኅበር ነው። እያንዳንዱ ትንሽ እንስሳ ፖሊፕ ይባላል። ፖሊፕ አንድ አፍ አለው፤ በአፉም ዙሪያ ምግቡን የሚይዝባቸው ጣት የሚመስሉ ክሮች አሉት፤ ከበታቹም ከባሕር ውሃ ያገኘውን ኖራ እያጠነከረ መቀመጫውን ይሠራል። ልጆቹም በላዩ ሲሠሩ፤ የልጅ ልጆቹም ሲደርቡ፤ ሪፍ የሚባለው ታላቅ የባሕር ቅጥር ይቆማል። (ሴቶች ለአንገት ጌጥ የሚያደርጉት ቀዩ መርጃን ዘመዱ ነው እንጂ ቅጥር ሠሪ አይደለም።) ሪፍ ከባሕር ወለል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ስፍራ ሲይዝ፤ ከባሕር ፍጥረት ወገን አራተኛው እጅ ያህል በርሱ ይጠለላል።

በፖሊፕ ሥጋ ውስጥ ደግሞ አልጌ የሚባል በዓይን የማይታይ ደቂቅ ፍጥረት ይኖራል። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጀ ለባለቤቱ ያካፍላል፤ ባለቤቱም ያስጠልለዋል፤ የመርጃንም ቀለም አብዛኛው ከርሱ ነው። ነገር ግን ውሃው ከተለመደው የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ብቻ ቢጨምርና ለጥቂት ሳምንታት ቢቆይ፤ ስምምነታቸው ፈርሶ አልጌው ይወጣል፤ መርጃኑም ይነጣል። መንጣት ማለት መሞት አይደለም፤ መራብ ነው። ሙቀቱ ቶሎ ቢበርድ ይድናል፤ ባይበርድ ግን ይሞታል። በዓለም ሁሉ የታየው 4ኛው ታላቅ መንጣት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሊቃውንት ዘንድ ታውቆ ተነግሯል።

መርጃንን ድንጋይ ማለት ያደረሰውን ነገር ለማየት የሚወድ የምጽዋን የቀድሞ ቤቶች ይመልከት፤ ብዙዎቹ ከባሕር በተቆረጠ መርጃን የታነጹ ናቸው። ቤቶቹ ያማሩ መሆናቸውን አንክድም። ሆኖም ጠጣሩ መርጃን በዓመት የሚያድገው 1 ሳንቲሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግንበኛው በአንድ ቀን ያነሣውን ጥርብ ባሕሩ ለመመለስ የሰው ዕድሜ ይፈጅበታል።

በአገራችንም በአፋር ዝቅተኛ ምድር፤ ቀይ ባሕር ወደ ውስጥ ገብቶ በነበረበት ዘመን የበቀለ የመርጃን ቅጥር በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ይገኛል። ያንን ድንጋይ ነው የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ ሕይወቱ ከተለየችው ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታልና።