ቤቱ ቢቃጠልም ቁጥራችሁን አትልቀቁ

እኩዮቼ፣ በካሊፎርኒያ ያረጃችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ የእሳቱ ወራት ሳይገባ አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። እሳት ቤታችሁን ቢወስደው፣ «ቤት ከሌለኝ ስልክ ምን ያደርግልኛል» ብላችሁ የቤት ስልካችሁን መስመር እንዳታዘጉ። ሐኪማችሁ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጉዳት ሊያይ የሚመጣው የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት (የፌማ) ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ ያለችው እህታችሁ፣ ሁሉም የሚያውቁት ያንኑ ቁጥር ነው። ከተዘጋ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ የሚፈልጋችሁም በየት ያገኛችኋል?

የግዛቱ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 የወሰነውን እወቁ። ገዥው ወይም ፕሬዚዳንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጁና አደጋው አገልግሎቱን ካቋረጠ፣ ወደ ቤታችሁ የሚደወለው ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞርላችሁ ለማስጀመር የሚጠየቀውን ክፍያ የቤት ስልክ ኩባንያው መተው አለበት። በተጠለላችሁበት ቦታ መስመር ለማስገባት፣ ኋላም ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ እንደገና ለማስቀጠል የአገልግሎት ክፍያ አይጠይቃችሁም። ላይፍላይን የተባለው የዝቅተኛ ገቢ የስልክ ቅናሽ ላላችሁ ደግሞ የዕድሳቱ ጊዜ ይራዘማል፤ በዚያ ሰሞን ስልኩን አልተጠቀማችሁም ተብሎም አትሰረዙም።

ይህን ሁሉ ግን ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል። እኛን የሚጎዳን ይሉኝታችን ነው። ሰው ቤቱ ተቃጥሎበት በዘመድ ሳሎን ተኝቶ እንኳ «አላስቸግርም» ይላል። እባካችሁ፣ ይህ ምጽዋት አይደለም፤ በየወሩ የከፈላችሁበት አገልግሎት ነው። ኩባንያው እምቢ ካለ የተነጋገራችሁትን ሰው ስምና ቀኑን ጽፋችሁ ለኮሚሽኑ በ800-649-7570 አቤት በሉ።

ሌላው ስጋቴ ከአደጋው በፊት ያለው ነው። ልጆቻችን ለወጪው አስበው የድሮውን መስመር በኢንተርኔት ስልክ ይቀይሩልናል። የመዳቡ መስመር ኃይል የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ነው፤ የኢንተርኔቱ ግን መብራት ሲጠፋ፣ ባትሪ ከሌለው አብሮ ይጠፋል። በዚህ ግዛት ደግሞ ነፋስ ሲበረታ ኤሌክትሪኩን የሚያጠፋው ራሱ የመብራት ኩባንያው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 እንዲህ በጠፋ ጊዜ በማሪን አውራጃ ከሞባይል ጣቢያዎች ከግማሽ በላይ ተቋርጠው ነበር። ሞባይሌ ይበቃኛል የምትሉ ይህን አስቡ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2018 ፓራዳይዝ ከተማን ባጠፋው እሳት 85 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ ነበሩ፤ ማስጠንቀቂያው ያልደረሳቸው ነዋሪዎችም ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ በምዕራብ አልታዲና የመልቀቂያው ትእዛዝ የወጣው እሳቱ ከተነሣ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ ስልካችሁ በምን እንደሚሠራ ልጆቻችሁን ዛሬ ጠይቁ፤ በኢንተርኔት ከሆነ መጠባበቂያ ባትሪ አስገዙ።

እናንተ ባለቤቶቻችሁ ያረፉባችሁ እህቶቼ፣ መስመሩ አሁንም በሟቹ ስም ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ስማችሁ አዙሩት። ኩባንያው ስለ መስመሩ የሚነጋገረው ስሙ ከተመዘገበው ሰው ጋር ነው። የሞት የምስክር ወረቀቱም፣ የጋብቻውም ወረቀት ከቤቱ ጋር ከነደደ በኋላ ያ ቁጥር የእናንተ መሆኑን በምን ታስረዳላችሁ?