ቦቴው የት ይደፋል?

 

በምሠራባት ትንሽ ከተማ አንዲት እናት በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ለአንድ ልጇ የጃርዲያ መድኃኒት ከእኔ ወሰደች። ልጁ ይድናል፣ ተመልሶ ይታመማል። በሦስተኛው ጊዜ "ሰላጣና ቆስጣ ከየት ነው የምትገዢው?" አልኳት። "ከወንዙ ዳር ነዋ፣ እዚያ ይረክሳል" አለችኝ። የሽንት ቤት መምጠጫው ቦቴ የሚደፋው ከዚያ ማሳ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

የቧንቧ ውሃ ለማስገባት ሁላችንም አዋጥተናል። የገባው ውሃ ቆሽሾ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ግን የጠየቀ የለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውሃ ላይ መሽናትንና ሰው ውሃ በሚቀዳበት ቦታ መጸዳዳትን ከልክለዋል። አንድ ሰው ቢያደርገው እንቆጣለን፤ ከተማው በቦቴ ሲያደርገው ዝም አልን።

"በበረኪና ዘፍዝፌ አጥባለሁ" የምትሉኝ እህቶች አላችሁ። ደግ ነው፣ አትተዉት። ነገር ግን የወስፋትን እንቁላል በረኪና አይገድለውም፤ በእርጥብ አፈር ውስጥም ብዙ ወራት ይቆያል። መፍትሔው ያለው ማጠቢያችን ላይ ሳይሆን ከወንዙ በላይ ነው።

ለትንሽ ከተማ ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ ተከታታይ ኩሬዎች ይበቃሉ። በመጀመሪያው ጥልቅ ኩሬ ዝቃጩ ወደ ታች ይወርድና ያለ አየር ይበሰብሳል። ሁለተኛው አረንጓዴ ነው፤ አልጌው በፀሐይ ኦክስጅን ይሰጣል፣ በዚያ ባክቴሪያዎች የቀረውን ቆሻሻ ይበላሉ። ሦስተኛው ጥልቀት የለውም፣ ፀሐዩ ተህዋሲያንን ይገድላል። ውሃው በኩሬዎቹ ውስጥ ሳምንታት ስለሚቆይ የወስፋት እንቁላሎች ይዘቅጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ ጥሬ የሚበላ አትክልት የሚጠጣው ውሃ በሊትር ከአንድ እንቁላል በላይ እንዳይኖርበት ይመክራል። ቦቴው የሚያመጣው ወፍራም ዝቃጭ ግን በቀጥታ ኩሬ አይገባም፣ መጀመሪያ በአሸዋ መደብ ላይ ይጣራል። መብራት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መሬት ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ለሱቅ ቦታ ሲጠየቅ መሬት ይገኛል።

በሞሮኮ ቤንስሊማን የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፍሳሿን በእንዲህ ያሉ ኩሬዎች ስታጣራ የጎልፍ ሜዳ ታጠጣበት ነበር። ለእኛ ጎልፉ ቀርቶብን ባሕር ዛፍ ቢጠጣበት ይበቃል።

"ነጃሳ ውሃ እንዴት ይጠራል?" የሚሉ አባቶች ገጥመውኛል። የሳዑዲ ዐረቢያ የታላላቅ ዑለሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ተነጋግሮበት የነጃሳው ጣዕም፣ ቀለምና ሽታ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ውሃው ጠሃራ ነው ብሏል፤ ለመጠጥ ግን ለጤና ሲባል መራቅን መክሯል። የኩሬ ውሃ አረንጓዴነቱ ስለማይለቅ እኔም ለውዱእ አላልኩም፣ ለዛፍ ነው ያልኩት።

ከመስጊዳችን መጀመር እንችላለን። በብዙ መስጊዶች የውዱእ ውሃ ከሽንት ቤቱ ጋር አንድ ጉድጓድ ይገባል፤ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፣ ቦቴውም ይመላለሳል። የውዱእ ውሃውን በአነስተኛ ቱቦ ለይቶ ወደ ግቢው ዛፎች መምራት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቦቴው ሲመጣም ኮሚቴው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የት እንደሚደፋ ይጠይቅልን። እኔም ራሴ የቤቴን ጉድጓድ ስንቴ አስመጥጬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም ነበር።